ስንት እጅ ባዩ ሚስባህ

ከውርጌሳ እስከ ወልድያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቀመጠ መንደር ሁሉ ሐኪም ላይኖረው ይችላል፤ ዳኛ ላይኖረው ይችላል፤ ቧንቧውም አንዳንድ ሰሞን ይደርቃል። አንድ ነገር ግን ጎድሎት አያውቅም፤ ሲጠይቁት አዎ ወይም አይደለም የማይል ሰው። ፈጣሪ እንዲህ ያለውን ሰው በየመንደሩ አንዳንድ አድርጎ ነው የበተነው። ሁለት ሁለት ቢያደርግ ኖሮ ሰርግ አይደገስም፣ እርሻ አይዘራም፣ የተጣላም አይታረቅም ነበር።

ከመርሳ ከተማ ወረድ ብላ ለተቀመጠችው መንደር የደረሳት ክቡር አቶ ሚስባህ ነው፤ ባለ ሙሉ ሥልጣን የከፊል ጉዳዮች ሚኒስትር። ዝናብ ይመጣ እንደሆን ብትጠይቀው «ሰማዩ ሰባት እጅ ደመና ነው» ይልሃል። ልጅህ ጎበዝ እንደሆነ ብትጠይቀው «በጉልበት ዘጠኝ እጅ፣ በመታዘዝ አራት እጅ» ይልሃል። ነገርን ሁሉ ከአስር ከፍሎ ነው የሚያየው። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» ብለህ ስታልፍ፣ እሱ ቆሞ «ስንት እጅ?» ይላል።

የሚኒስትርነቱን ማዕረግ የሰጠው ጎረቤቱ ካሳሁን ነው። ካሳሁን ቃሉ አንድ የሆነ ሰው ነው። በሬ ሲገዛ አንዴ ዞሮ አይቶ «ይሁን» ወይም «ይቅር» ይላል፤ ጥርስ መቁጠር የለም፣ ጭራ መሳብ የለም። ባለቤቱን ብርቱካንን ያገባትም እንዲሁ በአንድ ቃል ነው ሲል ይኩራራል። ብርቱካን ግን «ይሁን ያልኩትስ እኔ ነኝ፤ እሱማ ላብ ላብ ሲለው ነበር» ትላለች። ያም ሆነ ይህ ካሳሁን «ቁርጡን ንገረኝ» ሳይል የተነሳበት ቀን አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ከሚስባህ አጠገብ ያስቀመጠ ፈጣሪ፣ ቀልድ ይወዳል ማለት ነው።

እርሻቸው የሚዋሰን ነው። አንድ ዓመት ካሳሁን «ድንበሩ እስከ የት ነው? ቁርጡን ንገረኝ» አለው። ሚስባህ በእርሻው መሃል እየተራመደ «ከዚህ እየጀመረ ቀስ እያለ ያንተ እየሆነ ይሄዳል» ብሎ መለሰለት። ካሳሁን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከዳር እስከ ዳር ቁልቋል ተከለ።

መርሳ አደባባይ ላይ የቆሙ የባጃጅ ሹፌሮችም ያውቁታል። አንዱ «አባባ፣ ይሄዳሉ?» ሲለው ሚስባህ ቆም ብሎ ያስባል።

«ስድስት እጅ እሄዳለሁ።»

«አራቱ እጅስ?»

«አራቱ እጅ ገና ጨው አልገዛም።»

«እንግዲያው ስድስቱ እጅ ይሳፈር፤ አራቱን ጨዉን ገዝቶ ሲጨርስ ተመልሼ እወስደዋለሁ።»

ባለቤቱ ሁሪያ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አብራው የኖረች ስለሆነች መድኃኒቱን አግኝታለች። አንድ ቀን ወጥ አቅርባ «ጨው በዛ እንዴ?» ብትለው፣ «ሦስት እጅ በዝቷል፤ መጣፈጡ ግን ዘጠኝ እጅ ነው» አላት። ሁሪያ ሳህኑን አነሳች፤ ከወጡ ቀንሳ ለድመቷ ገለበጠችና «የበዛውን አወጣሁልህ» ብላ መለሰችለት። ካሳሁን በዚያ ማዕድ ላይ ነበር። ለሳምንት ያህል ያችን ድመት ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር።

ካሳሁንን የሚያናድደው ግን የሰውየው መልስ ወለፈንዲ መሆኑ አልነበረም። የሚያናድደው አንዳንዴ ትክክል መሆኑ ነው። የመንደሩ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ቅሬ አላቸው፤ አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ያስተዛዝናሉ። ቀብር የቀረ ሰው ድንኳን ሲነሳ አስሩን የድንኳን እንጨት ተሸክሞ ይመልሳል የሚል ሕግ አለ። አንድ ጊዜ አንድ አባል መቃብሩ አፈር እየለበሰ ሳለ እያለከለከ ደረሰ። ገሚሱ «ቀርቷል» አለ፤ ገሚሱ «መጥቷል እኮ፣ ይኸው ቆሟል» አለ። ክርክሩ ከለቅሶው ደመቀ። በዚያ ዓመት የቅሬው ዳኛ ሚስባህ ነበርና ጢሙን አሻሽቶ ፈረደ። «ሬሳው ሲወርድ አልነበረም፤ አፈሩ ላይ ደርሷል፤ ለቅሶ ቤት ውሏል። አራት እጅ ቀርቷል። አራት እንጨት ይሸከም።» ሰውየው አራቱን እንጨት ተሸክሞ እየሳቀ ሄደ። ቅር ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ከካሳሁን በቀር። ካሳሁን ፍርዱን ሊነቅፍ ሦስት ቀን አስቦበት ነውር አጣለት፤ ይህም አናደደው።

ይህ ጠባይ ድሮም የነበረ ነው። ሳይንስ የሆነው ግን ቅርብ ጊዜ ነው። ሚስባህ ፊደል የቆጠረው ልጆቹን ኩሎ ድሮ ከጨረሰ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ዘግይቶ እንደተማረ ሰው ሁሉ ደግሞ የተማረ ሰው እጁ ከገባ አይለቅም። አንድ መኸር ፍሬሕይወት የምትባል ከሲሪንቃ የምርምር እርሻ የመጣች ባለሙያ ማሽላውን ስትጎበኝ «አባቴ፣ ደርሷል?» ብላ ጠየቀችው። «የታችኛው ስምንት እጅ፣ የላይኛው አምስት» አላት። ፍሬሕይወት እየሳቀች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠችና እንዲህ አለችው፤

«ይህ ያሉት ነገር በሂሳብ ውስጥ አለ። ጠርዙ የደበዘዘ ስብስብ ይሉታል። ‹ረጃጅም ሰዎች ወደዚህ ይምጡ› ብንል፣ አንዱ ያለ ጥርጥር ይገባል፤ አንዱ ያለ ጥርጥር ይቀራል፤ መሃል ያለውስ? እሱ በከፊል ይገባል። ምን ያህል እንደገባ ይለካል። በተለካውም ሰዎች ይወስናሉ፤ ፋብሪካ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ እርሻም ላይ።»

ጀምበር እስክትጠልቅ አልለቀቃትም። በሳምንቱም አንድ ኩንታል የሚያህል ፓፓያ በአህያ ጭኖ ሲሪንቃ ድረስ ሄደና ቀሪውን ተማረ። ፍሬሕይወት በትዕግሥት አስረዳችው፤ በአንድ ነገር ላይ ብዙ ሐሳብ ሲመዘን ከሁሉ ደካማውን ማየት እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያም ደካማው የተሻለለትን መምረጥ እንደሚቻል ነገረችው። ክቡርነቱ ወደ መንደሩ ሲመለስ አካሄዱ ተለውጦ ነበር። «ሳይንስ ነው» አለ፤ ሳይንስ ራሱ እሱ ዘንድ ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣ ይመስል።

ካሳሁን ግን አልተረታም። ከተረፈው ፓፓያ አንዱን አንሥቶ ያዘ።

«ይህ በስሏል?»

«ስድስት እጅ።»

«እንዲህ ማለት በስሎ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል ማለት ነዋ።»

«አይደለም» አለ ሚስባህ። «‹ይሆናል› የሚባለው ላላዩት ነገር ነው። ይህ እጅህ ላይ ነው፤ አየኸው፣ ጨበጥከው። ምኑን ትጠራጠራለህ? ብስሉም ጥሬውም እዚሁ አንድ ልጣጭ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። ስድስት እጅ ብስል ነው፤ በቃ፣ ቁርጡ ይህ ነው።»

ካሳሁን ፓፓያውን ለሁለት ከፈለና የበሰለውን ወገን በላ። «እኔ የምፈልገውን ወሰንኩ» አለ። ሚስባህ በደስታ ጉልበቱን መታ። «ይኸው፣ አንተም ለክተህ በላህ።»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ለጨዋታ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል ብሎ ካሳሁን ለዓመታት ጠይቋል። መልሱን ያገኘው በኅዳር ነው።

አምና ዝናቡ ማሽላው አበባ ላይ ሳለ ተቋርጦ ነበርና የካሳሁን ጎተራ ከሰኔ ጀምሮ ባዶ ነበር። ቤቱ የከረመው በብድርና በዘመድ ነው። ዘንድሮ ይህ ማሽላ ካልገባ ሁለቱ በሬዎች፣ ቦራና ዳልቻ፣ ገበያ ይወጣሉ። በሬ የሌለው ሰው ደግሞ መሬቱን ለባለ በሬ ሰጥቶ፣ በገዛ እርሻው ዳር ቆሞ ሲሶውን የሚጠብቅ ይሆናል። ካሳሁን ይህን ለማንም አልተናገረም። ብርቱካን ግን ማታ ማታ በረት ገብቶ ዳልቻን ሲያክ ትሰማው ነበር።

ማሽላው አማረ። ካሳሁን አንዴ ዞሮ አየና «ቅዳሜ» አለ። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ በማግስቱ ደቦ ይወጣል። ቃሉ ወጣ፤ አርባ የሚያህል ሰው «እሺ» አለ። ብርቱካንም ጠላዋን ለቅዳሜ እንዲደርስ አድርጋ ጠነሰሰች፤ ለሙስሊሞቹም የማያሰክረውን ቀሪቦ አሰበች። በዚያ አገር ደቦ የጠራ ሰው ቀኑን ከለወጠ መሳቂያ ነው፤ ያልደረሰ ጠላ ያቀረበ ደግሞ ከመሳቂያም ያልፋል።

ረቡዕ ከብት ሲገባ ሚስባህ ቁልቋሉን ዞሮ ካሳሁን ደጅ መጣ። የራሱ ማሽላ ቀድሞ የተዘራ ስለነበር ታጭዶ ገብቷል፤ የሚያሳስበው ነገር አልነበረውም። ፊቱ ግን የሚያሳስበው ነበረው።

«ሐራ ያለው አማቼ ደወለ» አለ። «ግሪሳ ወርዶባቸዋል። ዛፉ በወፍ ብዛት ጎብጧል ነው የሚለው።»

«ወደኛ ይመጣል?»

«የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ አላህ ነው፤ እሱን አልለካም። የእኛን ቀኖች ግን እለካለሁ።»

«ሚስባህ፣ ዛሬ ተወኝ። ቁርጡን ንገረኝ፤ ልጨድ ወይስ አልጨድ?»

ሚስባህ ቁጢጥ ብሎ እንደ ገበጣ መሬቱ ላይ ጉድጓድ ይጭር ጀመር፤ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት ጉድጓድ። ከዚያ ጠጠር ለቀመ።

«ይህ ረድፍ ነገ ሐሙስ ነው፤ ይህ ዓርብ፣ ይህ ቅዳሜ። አንደኛው ጉድጓድ ሰው ነው። ሁለተኛው የእህሉ መድረስ ነው። ሦስተኛው ከወፍ መዳን ነው። ቅዳሜ ሰው ስንት እጅ አለህ?»

«አስር። ሁሉም ቃል ገብቷል።»

አስር ጠጠር ገባ። «እህሉ ቅዳሜ ስምንት እጅ ይደርሳል። ከወፍ መዳኑ ግን ሦስት ነው፤ ወፉ ሐራ ነው ያለው፣ ለክንፍ ያ መንገድ አይባልም።»

«መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይመጣል ተብሏል» አለ ካሳሁን።

«‹ተብሏል› ስንት እጅ ነው?»

«ሁለት» አለች ብርቱካን ከጓዳ።

ዓርብ ላይ ሲደርሱ ሚስባህ ሁለት ጠጠር ሰው አስቀመጠ፤ ሙስሊሞቹ ከጁምዓ በፊት ጥቂት መሥራት ይችላሉ በሚል ነበር። ካሳሁን እጁን ዘረጋ። «በሚካኤል ቀን እርሻዬ ላይ ማጭድ አይገባም።» ሚስባህ አልተከራከረም፤ ሁለቱንም ጠጠር አነሳና ጉድጓዱን በመዳፉ ደፈነው። «ይህ አይለካም» አለ።

ቀረ ሐሙስ። ከደቦኛው ግማሹ ለበዓሉ መሰናዶ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰው አምስት። እህሉ በጠቅላላ ስድስት። ከወፍ መዳኑ ዘጠኝ።

ካሳሁን ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን ደመረ። ደግሞ ደመረ። ከዚያ ቀና ብሎ በኩራት ደረቱን ነፋ። «ሐሙስ ሃያ፤ ቅዳሜ ሃያ አንድ። በገዛ ሳይንስህ አሸነፍኩህ። ቅዳሜ ነው።»

«አይደመርም» አለ ሚስባህ።

«ምን ማለት ነው አይደመርም? ጠጠር አይደለም?»

«ጠጠርማ ነው። ግን ሦስት እግር ያለው በርጩማ ላይ ስትቀመጥ፣ አንዱ እግር አጭር ከሆነ የሁለቱ መርዘም ያድንሃል? የሚጥልህ አጭሩ ነው። ቅዳሜ አስር እጅ ሰው ይመጣልሃል። ግሪሳው ቀድሞ ከበላው ያ ሁሉ ሰው ምን ያጭዳል? አገዳ። የሰው ብዛት የወፍን ጉድለት አይሞላም። ስለዚህ የቀኑ ዋጋ ከጉድጓዱ ሁሉ ያነሰው ነው። ቅዳሜ ሦስት ነው። ሐሙስ አምስት ነው።»

ካሳሁን ጉድጓዶቹን አፍጥጦ አየ። አጭሩ እግር ታየው፤ ማየቱን ግን አልወደደውም።

«አምስት እኮ ግማሽ ነው» አለ። «በግማሽ ሰው ምን ይታጨዳል?»

«ግማሽ እርሻ። ምን ችግር አለው? እርሻህ አንድ እርሻ አይደለም፤ የታችኛው ደርሷል፣ የላይኛው እሸት ነው። አንተ ነህ ለሁለቱም አንድ ቀን የሰጠሃቸው። የታችኛውን ነገ እጨድ፤ የላይኛውን ማማ ላይ ወጥተን እየጠበቅን እናድርሰው።»

ካሳሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነተኛውን ጭንቀት አወጣው። «ጠላው አልደረሰም።»

ብርቱካን እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። «ጉሹን ይጠጡ። ጉሽ ጠጥቶ የሞተ ደቦኛ አላየሁም።»

«ቃሌስ? ቅዳሜ ብያለሁ።»

«የኔ ጌታ፣ ያንተ ቃል አንድ ነው» አለች። «ግሪሳው ግን አንድ አይደለም።»

በዚያ ምሽት ካሳሁን በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በየቤቱ እየዞረ ቃሉን ለወጠ። በየበሩ የሚጠብቀው መሳቂያ መሆን ነበር፤ አገኘውም። «ካሳሁን ቃሉን ለወጠ» አለ አንዱ። «ስንት እጅ ለወጠ?» አለ ሌላው። ካሳሁን ጥርሱን ነክሶ «ግማሹን» ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ ሳቁ የሚያዋርድ መሆኑ ቀርቶ የሚያቀራርብ ሆነ፤ ማጭዱን ያልሳለ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ግማሹ ሰው መጣ። ግማሽ ደቦ ከሙሉ ደቦ የሚለየው አንዱ ሌላውን ተደግፎ ባለመቆሙ ነው፤ እያንዳንዱ የሚጎድለውን ሰው ሥራ ጨምሮ ሠራ። የታችኛው እርሻ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ታጨደ፤ ራስ ራሱ ተቆርጦ በአህያ ወደ ግቢ ገባ። ቄስ ዮሴፍ ከቤተ ክርስቲያን መሰናዶ ሾልኮ መጥቶ አንድ ሁለት እቅፍ ተሸከመና ጉሹን ቀመሰ። ሁሉም አፉን ጠበቀው። «ሰባት እጅ ጠላ ነው» አለ ቄሱ። ብርቱካን ከፍ ያለ ምስጋና አድርጋ ወሰደችው።

ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ሆነ። ክርስቲያኑ ነጭ ለብሶ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሚስባህ ደግሞ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ሙስሊሞች አስከትሎ፣ ማጭድ ሳይዝ፣ ቆርቆሮና ወንጭፍ ብቻ ይዞ በካሳሁን የላይኛው እርሻ ማማ ላይ ተሰየመ። ማንም አላዘዘውም። «ቃሌን አንተ ነህ ያስለወጥከኝ፤ ውጤቱን ጠብቅ» ብሎት ነበር ካሳሁን፤ ክቡርነቱ ይህን እንደ ሹመት ቆጥሮታል።

ቅዳሴው እያለ ከምሥራቅ አንድ ጥቁር ነገር ተነሣ። መጀመሪያ ጭስ ይመስል ነበር። ከዚያ እንደ ጨርቅ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ደግሞ ታጠፈ። ወፍ ነው። ካሳሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ቆሞ ነበርና ከታች የቆርቆሮ ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ የሚስባህ ጩኸት፤ ከዚያ ሁለቱንም የዋጠ የክንፍ ሹክሹክታ።

በዓመት አንዴ የሚከበር ንግሥ ነው፤ ጥሎ መውጣት አይሆንለትም። ከታች ያለው ደግሞ እንጀራው ነው፤ ቦራና ዳልቻ ናቸው። አንድ እግሩ ከደጁ ወጣ። ሌላው ግን እምቢ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ገብቶ ወይም ወጥቶ እንጂ መሃል ቆሞ የማያውቀው ካሳሁን፣ አንድ እግሩ ከቅጥሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ በሩ ላይ ተገተረ። ወደ ውስጥ ሲያይ መስቀል፤ ወደ ውጭ ሲያይ ግሪሳ። ከኋላው ያለች አሮጊት «ልጄ፣ ግባ ወይ ውጣ፤ መንገድ ዘጋህብን» አለችው። ያን ጊዜ ሚስባህ አጠገቡ ቆሞ ስንት እጅ እንደገባ ቢጠይቀው ኖሮ እውነቱን ይነግረው ነበር።

ታቦቱ ወጣ። ከበሮው ተመታ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ላይ ሲያሸበሽብ ኮረብታው አስተጋባ። እልልታው ቁልቁል ወደ እርሻው ወረደ። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከካሳሁን የላይኛው እርሻ በላይ ነው ያለው፤ ያን ዕለት ይህ ቅርበት በረከት ሆነ። ማሽላው ላይ ሊያርፍ የዞረው መንጋ በላይ በከበሮና በእልልታ፣ በታች በቆርቆሮና በወንጭፍ ተያዘ። አንዴ ወረደ፤ ቆርቆሮው አስነሣው። ወደ ላይ ሸሸ፤ እልልታው መለሰው። ሁለተኛም ወረደ፤ ዳር ላይ ጥቂት ራስ ማሽላ ለቅሞ ተነሣ። ካሳሁን ከደጁ ሆኖ ነጠላውን እያውለበለበ «እልል በሉ፣ እናቶቼ፣ አታቋርጡ» ይል ነበር፤ ወንድ ሆኖ ሳለ እሱም እልል አለ፤ ብርቱካን ዛሬም ድረስ ትመሰክርበታለች። ወፉ አንድ ጊዜ እንደ ትልቅ ጋቢ በሰማዩ ላይ ተነጠፈና አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ቆላው ቁጥቋጦ ሄደ።

ማሽላው እንደቆመ ተረፈ። ከታች ሙስሊሞቹ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ፣ ከላይ ክርስቲያኑ «ተመስገን» ሲል፣ ድምፁ መሃል ላይ ተገናኘ።

በዓሉ አልቆ ሰው ሲወርድ ክርክሩ አብሮ ወረደ። ወፉን ያባረረው ማን ነው? አንዱ ሚካኤል አለ፣ አንዱ ወንጭፍ አለ። ሚስባህ ሊፈርድ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። በጩኸት ብዛት ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። ሁሪያ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ አነሣች። «አያ ካሳሁን፣ እርሻዎ ይህን አፍ ዘግቶ ዛሬ ስንት ቤት እንዳሳረፈ አያውቁም» አለችው።

ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ተራው የክርስቲያኑ ሆነ። በሚካኤል ቀን ማማ ላይ መውጣት ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥያቄ ተነሣ። ቄስ ዮሴፍ ወደ ሰማይ፣ ወደ ማሽላው፣ ወደ ካሳሁን ፊት አየ። «ማጨድ ሥራ ነው» አለ። «ወፍን ‹እሽ› ማለት ግን ከሥራነቱ አንድ እጅ ቢኖረው ነው። ውጡ።» ራሱም ወጣ።

የላይኛው እርሻ እስኪደርስ ድረስ ሚስባህ ማለዳ ማለዳ እዚያ ማማ ላይ ነበር። ሁሪያ ትኩስ ማርና ዝንጅብል ታጠጣዋለች፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ሄዶ የቀረችውን ድምፅ ይጨርሳታል። ደቦው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አስር እጅ ሰው መጣ፤ ጠላውም ደረሰ። ማሽላው አውድማ ላይ ተዘረጋ፤ ቦራና ዳልቻ በላዩ ላይ ዞሩ፤ የሚዞሩበትንም እህል ባለቤታቸው አልከለከላቸውም። ጎተራው ሲሞላ ብርቱካን ክዳኑን ለመግጠም እህሉን በመዳፏ መጫን ነበረባት።

የምርቃቱ ማዕድ ላይ ሰው ሚስባህን ከበበው። ጀግና ሆኗል፤ ድምፅ ግን የለውም። በጣቶቹ ብቻ ነበር የሚመልሰው፤ አተረጓጎሙን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«እህሉ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁት ጣቶቹን አወጣ። «ዘጠኝ እጅ» አለ ካሳሁን። «አንዱ እጅ ዳሩ ላይ ወፍ የለቀመው ነው።»

«የከርሞውስ ዝናብ?» ሚስባህ መዳፉን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። «ያላየሁትን አልለካም ነው የሚለው» አለ ካሳሁን።

«ደክሞሃል?» አራት ጣት። «ውሸቱን ነው» አለ ካሳሁን፤ «ስምንት ነው። ያንን ጋቢ አልብሱት፤ ትኩስ ነገር ስጡት፤ ከነፋስ አርቁት።»

ቄስ ዮሴፍ ይህን ሲመለከት ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ካሳሁን፣ መቼም አፉ ሆነህለታል። እስቲ ቁርጡን ንገረን፤ ይህ ሰው ምንህ ነው?»

ካሳሁን ወደ ሚስባህ አላየም፤ ወደ ጎተራው አየ።

«ራስ ምታቴ ነው» አለ። «አስር እጅ።»

ሰው ሳቀ። ሚስባህም ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ካሳሁን ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ወንድሜም ነው። አስር እጅ።»

«እንዲህማ አይሆንም» አለ ቄስ ዮሴፍ። «አንድ ሰው ሃያ እጅ ከየት ያመጣል?»

ሚስባህ ከጋቢው ውስጥ ሁለት እጁን አውጥቶ አስሩን ጣት በቄሱ ፊት ዘረጋ። ጨበጣቸው። ጥቂት ቆየ፤ የፊተኛው አስር ከኋለኛው ጋር እንዳይደባለቅ የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ደግሞ አስሩንም ዘረጋ።